ሳይጠራ ከሾላው የሚወርደው ዘኬዎስ

ሉቃስ 19፥1-10ን በጨርቅ ሰሌዳ (ጨርቅ ተወጥሮበት ምስል የሚለጠፍበት ሰሌዳ) ስናስተምር የካርቶን ምስሎቹ ይረግፋሉ፤ ዘኬዎስ «ፈጥነህ ውረድ» ሳይባል ዱብ፣ ልጆቹም ሳቅ በሳቅ።

ፕላስተር የጨርቁን ጸጉር ነቅሎ ሁለተኛ አይዝም። ከጀርባ ጥጥ መለጠፍ ለስስ ወረቀት እንጂ ለካርቶን አልሆነም።

የሠራው ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ መርካቶ ቀለም መሸጫ ውስጥ 80 ቁጥሩን ጠይቁ። ሁለት ጣት ስፋት ቆርጣችሁ፣ ሸካራውን ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ አንዱን ከምስሉ ጭንቅላት አንዱን ከወገቡ ጀርባ በኮላ ለጥፉ። ከታች ብቻ ከሆነ ምስሉ በግንባሩ ይደፋል። ኮላው ይደር። ሰሌዳው ላይ ጸጉራም ብርድ ልብስ ወጥሩ (አቡጀዲ የሚነከስ ጸጉር የለውም)፤ ወደ ኋላም ትንሽ ጋደል ይበል።

ዘኬዎስ ግን አሁንም ወደቀ። ጥፋቱ የዛፉ ነበር፦ ከለስላሳ ወረቀት ስለተሠራ ብርጭቆ ወረቀቱ አይነክሰውም። ሾላውን ከዚያው ብርድ ልብስ ቁራጭ ቁረጡት።