ኢንተርፌሮን ጋማ አልሠራ ሲል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ላቦራቶሪዎች

በቲቢ ጥናት ላይ ያለ ላቦራቶሪ ሪኮምቢናንት (በዘረመል ምሕንድስና የተመረተ) የሰው ኢንተርፌሮን ጋማን፣ የመከላከያ ሴሎች የሚያመነጩትን ፕሮቲን፣ ለሁለት ነገር ይፈልገዋል፤ ለኤላይዛ (የፕሮቲንን መጠን በቀለም ለሚለካ ምርመራ) ስታንዳርድነት፣ ማለትም ናሙናዎች የሚነጻጸሩበት የታወቀ መጠን እንዲሆን፣ እንዲሁም ማክሮፋጆችን (ጀርም የሚውጡ የመከላከያ ሴሎችን) ለማነቃቃት። ውጤቱ ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው አምራቹ ላይ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ብልቃጡ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የት የት እንዳደረ፣ ከዚያም ማን እንዴት እንዳሟሟው ነው።

ብልቃጡ ባዶ ይመስላል

ባዶ አይደለም። ጥቂት ማይክሮግራም የደረቀ ፕሮቲን ለዓይን አይታይም፤ በመንገዱ መንገጫገጭ ክዳኑ ላይ ሊጣበቅም ይችላል። ሳይከፍቱ በሴንትሪፊዩጅ ለአጭር ጊዜ ያሽከርክሩት፤ ማሟሚያውን ሲጨምሩም ግድግዳውን አጥበው ያውርዱ።

በረዶው ቀልጦ የደረሰ ካርቶን ወዲያውኑ አይጣል። ደረቅ ሆኖ ሳለ ፕሮቲኑ ሙቀትን ከፈሳሹ ይልቅ በብዙ ይችላል፤ ስንት ቀን እንደሚታገሥ ከብልቃጡ ጋር የመጣው የመረጃ ወረቀት ይናገራል። ሟሙቶ የተላከ ከሆነ ግን ቀልጦ መድረሱ ከባድ ነገር ነው።

ሲሟሟ ደፈረሰ ወይም አረፋ ወጣው

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እጅ ነው፤ በኃይል ተነቅንቋል። ወይም አሲድ ገብቶበታል። ቲጂኤፍ ቤታ አንድ የተባለው ሌላ ፕሮቲን በ4 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስለሚሟሟ ያንን የለመደ ባለሙያ እዚህም ይደግመዋል፤ ኢንተርፌሮን ጋማ ግን አሲድ አይችልም። ወረቀቱ ያዘዘውን ማሟሚያ ጨምረው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ ቀስ አድርገው ያገላብጡት።

የስታንዳርዱ መስመር ከሳምንት ወደ ሳምንት ወረደ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ደስ ያሰኛል። መስመሩ የስታንዳርዱን የታወቁ መጠኖች ከሰጡት ቀለም ጋር የሚያገናኘው ግራፍ ነው፤ ስታንዳርዱ ሲደክም ከእሱ የሚሰላው የናሙናዎቹ መጠን ከእውነተኛው በላይ ይሆናል፤ ተመራማሪውም ጠንካራ ምላሽ ያገኘ ይመስለዋል።

አዲስ ብልቃጥ የሰጠው መስመር ጥሩ ሆኖ የተከታዮቹ ከወረደ ጥፋቱ የማከማቻው ነው። ፕሮቲኑ ደጋግሞ ቀልጦ ደጋግሞ ረግቷል። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን፣ ከ10 ማይክሮሊትር ሳያንስ፣ ከፋፍለው ያስቀምጡ። በረዶውን በራሱ የሚያራግፍ ፍሪዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በየጊዜው ራሱን ያሞቃል። መብራት ጠፍቶ ማደሩን ለማወቅ ውኃ በኩባያ አርግተው ሳንቲም ይጣሉበት፤ ሳንቲሙ ከሰመጠ በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው።

ዝቅተኛ መጠን ያላቸው ነጥቦች ብቻ ከወረዱ ግን ፕሮቲኑ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቋል። ማቅጠኛው ተሸካሚ ፕሮቲን፣ ለምሳሌ 0.1 በመቶ የከብት ሴረም አልቡሚን፣ ያስፈልገዋል። ኤላይዛው የሚሠራበት ባለ ጉድጓድ ሳህን በሙሉ ከገረጣ ደግሞ በፈሳሾቹ ውስጥ ሶዲየም አዛይድ መኖሩን ይመልከቱ፤ ቀለም የሚያወጣውን ፐርኦክሲዴዝ ያግዳል።

ባዶው ጉድጓድ ሳይቀር ከጠቆረ እጥበቱንና ቴርሞሜትሩን ይመርምሩ። መመሪያው “የክፍል ሙቀት” ሲል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ከ30 ያልፋል። የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር ቢሠሩት ይህ ጣጣ ይቀልላል፤ በሁለቱ ከተሞች የተነበቡ ሳህኖችን ግን ሙቀቱ ሳይመዘገብ ማወዳደር ትርፉ ክርክር ነው።

ሴሎቹ አልመለሱም፣ ወይም መመለስ የማይገባቸው መለሱ

የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ የአይጥ ሴሎችን አያነቃቃም። ራው 264.7 በተባለው የአይጥ ማክሮፋጅ ላይ ጨምረው ዝም ቢልዎ ፕሮቲኑ አልሞተም፤ ቲኤችፒ-1ን በመሰለ የሰው ሴል ይሞክሩት።

የአይጡ ሴል ከመለሰ ግን መጠርጠር ነው። ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ በኢ. ኮላይ ስለሚመረት የባክቴሪያው ኢንዶቶክሲን (የሽፋኑ መርዛማ ክፍል) አብሮት ሊቀር ይችላል፤ ማክሮፋጅም ኢንዶቶክሲን ሲያገኝ ዝም አይልም። ጥቂቱን አፍልተው ጎን ለጎን ይሞክሩ። መፍላት ፕሮቲኑን ያበላሻል፣ ኢንዶቶክሲኑን ግን አይነካውም ማለት ይቻላል፤ የፈላውም እኩል ካነቃቃ ያዩት ምላሽ የኢንተርፌሮን አይደለም። ኢንዶቶክሲንን የሚያከሽፈውን ፖሊሚክሲን ቢ የጨመሩበት ጉድጓድ ጸጥ ካለ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ጄል ላይ ከተጠበቀው በላይ ከብዶ ታየ

ፕሮቲኖችን በክብደት በሚለየው ጄል ላይ በኢ. ኮላይ የተመረተው 17 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) አካባቢ ይታያል። በአጥቢ ሴል የተመረተው ስኳር ስለሚለጠፍበት ከዚያ ይከብዳል፤ ብልሽት አይደለም።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ አዲሱ ብልቃጥ በመጀመሪያው ቀንም ካልሠራ ያን ጊዜ ለአምራቹ ይጻፉ። የምርት ቁጥሩን፣ ካርቶኑ የደረሰበትን ቀንና ሁኔታ፣ የማሟሚያውን ዓይነትና የስታንዳርዱን መስመር ያያይዙ፤ ያለ እነዚህ የሚላክ አቤቱታ መልሱ “ወረቀቱን ያንብቡ” ነው።