የሰሜን ሸዋን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለድኅረ ምረቃ ስታጠኑ

«የሰሜን ሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች» የሚል ርዕስ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ይህ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ በማስተርስ ጊዜ አይገፋም። የእኔ ምክር አንድ ደብር፣ ከተቻለም አንድ ግድግዳ ምረጡ ነው።

ከዚያ ሌላው ስለ ሥዕሉ የጻፈውን ከማንበባችሁ በፊት ራሳችሁ ፊቱ ቁሙ። በክብ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኛው ሥዕል ያለው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ስለሆነ መቅደሱን ከሚከበው ክፍል፣ ከቅድስት፣ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፎቶግራፍ ቢፈቀድላችሁም እንኳ በእርሳስ ንድፉን አውጡ፤ እጅ ሲሠራ ዐይን ያልፈው የነበረውን ያያል። ማን ከማን ጎን ቆሟል? ማን በሁለት ዐይን፣ ማን እንደ ከሃዲዎቹና እንደ አጋንንቱ በጎን በአንድ ዐይን ተሥሏል? ቀለሙ ያረፈው በልስኑ ላይ ነው ወይስ በተለጠፈ ሸራ ላይ? የተላጠ ጠርዝ ካለ እዚያ ቆዩ፤ የሸራው ክር፣ አንዳንዴም ከሥር የቀደመ ቀለም ብቅ ይላል። ከቅዱሱ እግር ሥር የተደፋ ሰው ካያችሁ ሥዕሉን ያሠራው ሊሆን ይችላል፤ አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ ፊደል ሳትቀንሱ ገልብጡ። ግእዝ የማታነቡ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሩ።

እጅግ የሚያሳስበኝ የዘመን ጉዳይ ነው። ደብሩን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተከሉት ስለተባለ ሥዕሉ የ15ኛው ክፍለ ዘመን አይሆንም። ታቦቱ ይኖራል፣ ሕንፃው ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። የደብረ ብርሃን ሥላሴም አሁን ያለው ሕንፃ የዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ ማስረጃውን ከሥዕሉ ፈልጉ። እመቤታችን እጆቿን አጣምራ፣ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ዘርግታ፣ በግራዋ መሐረብ ይዛ ከተሣለች፣ መነሻው ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ነው። ይህ አሣሣል በኢየሱሳውያን (በጀስዊት የካቶሊክ ሚስዮናውያን) በኩል ወደ እኛ የደረሰው በ1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ በመሆኑ፣ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሠራው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን እንዲህ ያለውን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ስለ ደብሩ ቄሰ ገበዙንና መሪጌታውን ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ከማን እንደሰሙት ጭምር መዝግቡ፤ የቃል ታሪክም ምንጭ ነው፣ እንደ ማንኛውም ምንጭ ይመረመራል። ከዩኒቨርሲቲያችሁና ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ሳትይዙ አትሂዱ።

ለጽሑፍ ምንጭ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቀዳሚው ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በርካታ የሸዋ ብራናዎችን ደግሞ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ ያስነብባል። «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ብላችሁ ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ፤ ቀድሞ የሚመጣላችሁ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላው የጎንደሩ ነው።

ዘመናዊውን የምትወዱ ከሆነ አንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ ለደብረ ሊባኖስ የሠራቸው ባለቀለም መስተዋቶች ራሳቸውን የቻሉ ርዕስ ናቸው። እዚያ ጥያቄያችሁን ከብርሃን ጋር አያይዙ፤ ጠዋትና ከሰዓት ሄዳችሁ እዩ፣ ሰዓቱንም ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጋር ጻፉ።