ኢንሱሊን መቋቋምን ከስኳር በሽታ በፊት እንዴት መግታት ይቻላል?

ሐኪም «ስኳርዎ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ገና በሽታ አይባልም» ሲል ብዙ ሰው ይዞ የሚወጣው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭና ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የበዛውን ስኳር ጡንቻ፣ ጉበትና የስብ ሕዋሳት እንዲወስዱ ወይም እንዲያከማቹ የሚያዝ ሆርሞን ነው። በተለይ በሆድ ዕቃና በጉበት ላይ ስብ ሲጠራቀም ሕዋሳቱ ትእዛዙን ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉታል፤ ኢንሱሊን መቋቋም የሚባለው ይህ ነው። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመነጨ ጉድለቱን ለዓመታት ሊሸፍነው ስለሚችል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የስኳር ምርመራው ደህና ይመስላል። ቁጥሩ ከፍ ማለት የሚጀምረው ቆሽት ሲደክም ነው፤ ስለዚህ «ትንሽ ከፍ ብሏል» የሚለው ቃል የሚነገረው ነገሩ ከተጀመረ ከቆየ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ለሐረርና ለድሬዳዋ ሰው በመሆኑ ከምሳው ሳህን ይልቅ ከምሳ በኋላ ላለው ጊዜ ሰፊ ቦታ ሰጥቻለሁ።

1. ወገብን መለካት

ሚዛን ከመግዛት በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ያሉትን ሰፊዎች መጠየቅ ነው። የሚለካው ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ አይደለም። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ በቀስታ ከወጣ በኋላ፣ በባዶ ቆዳ ላይ ይለካል። ሽርጥም ሆነ ሱሪ ብዙ ጊዜ ከቦርጭ ሥር ስለሚታሰር የሱሪ ቁጥር አለመለወጡ ምንም አይመሰክርም። ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያን ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ያስቀመጠው ወሰን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንገት ዙሪያና በብብት ሥር በሳሙና ቢታሽ የማይለቅ፣ ወፈር ያለና ሲነካ የሚለሰልስ ጥቁረት ከታየ ደግሞ ይህ የቆዳ ለውጥ ብዙ ጊዜ የኢንሱሊን መቋቋም ምልክት ስለሆነ ወደ ምርመራው መፍጠን ይገባል።

2. መመርመር

ቢያንስ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ ደም ይሰጣል። ውኃ ይፈቀዳል፤ ወተት የገባበት ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ግን ጾሙን ያፈርሰዋል። ውጤቱ በዴሲሊትር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም ከሆነ በአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር መለኪያ ቅድመ ስኳር ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ደረጃ ከ110 ይጀምረዋል። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ቅድመ ስኳር የሚለው ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ያለውን ነው፤ ይሁንና የደም ማነስ ይህን ቁጥር ሊያዛባው ስለሚችል ችግሩ ያለበት ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። የኢንሱሊኑን መጠን ራሱን ለማስለካት ገንዘብ ማውጣት ለአብዛኛው ሰው አስፈላጊ አይመስለኝም። በዚያ ገንዘብ የደም ቅባትን ማስመርመር ይሻላል፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ከ150 በላይ ሆኖ ጥሩው ኮሌስትሮል ዝቅ ማለቱ ተመሳሳይ ታሪክ ይናገራልና።

3. ከሰዓት በኋላን ማስተካከል

በርጫ፣ ማለትም ከምሳ በኋላ ያለው የጫት ቁጭታ፣ አራት ነገሮችን በአንድ ፍራሽ ላይ ያገናኛል። የመጀመሪያው መቀመጥ ነው። ከምግብ በኋላ ስኳርን ከደም በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ሲሆን፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ስኳር የሚስብበት የራሱ መንገድ አለው፤ ትራስ ተደግፎ ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽት መቀመጥ ይህን መንገድ ሥራ ያስፈታዋል። ሁለተኛው የቅጠሉን ምሬት ለመቁረጥ የሚጠጣው ጣፋጭ ነው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ 32 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህም ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢበዛ ይሻላል የሚለው ደግሞ 25 ግራም ያህል በመሆኑ፣ ገና አንድ ጠርሙስ ሳያልቅ ወሰኑ ታልፏል። በዚያ ላይ ጣፋጩ በጥቂት በጥቂቱ እየተጎነጨ ስለሚቆይ ቆሽት የሚያርፍበት ሰዓት ያጣል። ሦስተኛው የእራት ነገር ነው፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ እራቱ ወደ እኩለ ሌሊት ይገፋና ከባድ ሆኖ ይበላል። አራተኛው እንቅልፍ ነው፤ የእንቅልፍ እጥረት ራሱ ኢንሱሊን የመቋቋምን ነገር ያባብሳል።

ማቆም የሚችል ሰው ቢያቆም ይሻለዋል። ለማይችለው ግን መጀመሪያ ቅጠሉን ሳይሆን መጠጡን እንዲለውጥ እመክራለሁ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ሻዩ በፔርሙስ ገና ከኩሽና ሲመጣ ስኳሩን ጠጥቶ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ መጅሊስ ላይ ተቀምጦ «ስኳር አታብዙብኝ» ማለት ዋጋ የለውም። ሻዩ ከመፈላቱ በፊት «እህቴ፣ የእኔን ያለ ስኳር ለብቻው አድርጊልኝ» ብሎ ማስቀረት፣ ወይም የራስን ፔርሙስ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ያለ ስኳር የተፈላ ቁጢና ሀሸር (የቡና ገለፈት ሻይ)፣ ውኃና አምቦ ውኃ ቦታውን በሚገባ ይይዛሉ። ሦስት ማንኪያ የለመደ ሰው ወደ ሁለት፣ ከሳምንታት በኋላ ወደ አንድ ቢወርድ ምላሱ ይለምደዋል። ስኳር አልባ ለስላሳ የሚነቀፍ ቢሆንም ከባለ ስኳሩ ለመላቀቅ ለጥቂት ጊዜ ቢጠቀሙበት ክፋት አይታየኝም። ማርና ቡናማ ስኳር ግን ከነጩ ይሻላሉ የሚባለው ራስን ማታለል ነው።

ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ ለጥቂት ደቂቃ ግቢ ውስጥ መዘዋወር፣ ቁጭታውን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መጨረስና ፍላጎት ባይኖርም ቀለል ያለ እራት እስከ ሁለት ሰዓት መብላት ይከተላል። ምርቃናን በጨብሲ፣ ማለትም በአልኮል መጠጥ፣ ማውረድ ሌላ ካሎሪ መደረብ ነው።

4 እና 5. ማዕዱና እግር

ሩዝና ፓስታ በአንድ ትሪ ሲቀርብ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ስለዚህ ድርሻን በሳህን ማውጣት ነውር አይደለም። ሰላጣውን፣ ሥጋውን ወይም ምስሩን አስቀድሞ፣ ሩዙን ወይም ዳቦውን መጨረሻ ላይ መብላት ከምግብ በኋላ የሚታየውን የስኳር ጭማሪ ይቀንሳል። ጤፍ ከነገለባው የሚፈጭ ስለሆነ አሰር አለው፤ ሆኖም ሩዝ የተቀላቀለበት የገበያ እንጀራ ያንን ጥቅም ያሳንሳል፤ ንጹሕ ጤፍም ቢሆን ሦስት እንጀራ ያው ብዙ ስታርች ነው። ማንጎን ነክሶ መብላት ስፕሪስ አድርጎ ከመጠጣት በእጅጉ ይሻላል። ለመክሰስ አንድ እፍኝ የባቢሌ ኦቾሎኒ ይበቃል፤ ሐልዋው ለበዓል ይቆይ።

ከምሳና ከእራት በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ ጠዋት ላይ ብቻ ከሚደረግ ስፖርት ያላነሰ ጥቅም አለው። የጁገል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ዳገትና ቁልቁለቱ ተጨምሮ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጊዜ የዞረው ሰው ወደ 150 ደቂቃ ይደርሳል። ለድሬዳዋ ሰው ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ይመቻል። በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት ይህንኑ 150 ደቂቃና የሰውነት ክብደትን 7 በመቶ መቀነስን ግብ አድርጎ ነበር። ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድል በዚህ ቡድን በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት በወሰደው ቡድን በ31 በመቶ ቀንሷል።

6. ግሉኮሜትር (የቤት ስኳር መለኪያ) ካለ

በየቀኑ ጣት መውጋት ያስጨንቅ ይሆናል እንጂ ለዚህ ደረጃ አያስፈልግም። ከምግብ በፊትና ምግቡ ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጥንድ አድርጎ አልፎ አልፎ መለካት የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ያሳያል። ማንጎ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ ማሽኑ የሚለካው ደሙን ብቻ ሳይሆን ጣት ላይ የቀረውን ጭማቂም ስለሆነ የሚያስደነግጥ ቁጥር ይወጣል፤ በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ግድ ነው። ደሙ የሚነካባቸው የማሽኑ ስትሪፖችም ሙቀት አይወዱም። አብዛኞቹ ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ ስለሚታዘዝ ድሬዳዋ ላይ በመኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት መተው ማባከን ነው፤ ከራሳቸው ብልቃጥ ሳይወጡና ክዳኑ ተጠብቆ በቤቱ ቀዝቀዝ ባለው ጥግ ይቀመጡ።

7. መድኃኒትና ጾም

ሜትፎርሚንን ሐኪም የኩላሊትን ሁኔታ አይቶ ያዝዘዋል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሆድ ማወኩ ይቀንሳል። አብሽ አሰር ስላለው ጥሩ ምግብ ነው፤ አብሽም ሆነ ሽፈራው ግን የታዘዘ መድኃኒት አይተካም። ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ክብደት ለመቀነስ ሊያግዝ ይችላል፤ ማፍጠሪያው ሳምቡሳና ጣፋጭ ጁስ፣ የጾም ምግቡ ዳቦና ዘይት ሲሆን ግን ውጤቱ ይገለበጣል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ በፊት ለውጡ በደንብ አይታይም። በመካከሉ ውኃ ጥም፣ ሽንት መብዛትና ያለ ምክንያት መክሳት ከመጡ ግን ሦስት ወር አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል።