የገጠር ሱቅ ላላችሁ፦ በአንድ ደብተር ሂሳብ አያያዝ

አክስቴ ጎጃም ገጠር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት፣ ስኳር ጨው ሳሙና ባትሪ ምናምን ትሸጣለች። ማን ስንት ብር እንዳለበት በቃሏ ታውቃለች፣ ግን ትርፍሽ ስንት ነው ስላት "ተመስገን ይሸጣል" ነው መልሷ። ባለፈው ሄጄ ቁጭ ብለን አብረን ሰራነው፣ እሱን ነው የምጽፍላችሁ።

ከስኳሩ ጀመርን። 50 ኪሎ በ5,000 ብር ገዝታ ኪሎውን በ110 ስለምትሸጥ 500 ብር የምታተርፍ ይመስላታል። እሺ የመኪናውስ? 150። ከመኪናው እስከ ሱቁ ለጋሪ 100፣ ለጫኝና አውራጅ 50፣ ወጪው 5,300 ደረሰ ማለት ነው። ደሞ እየተመዘነ ሲሸጥ በመፍሰሱም በ"መርቂልኝ"ም አንድ ኪሎ ይጎድላል። 49 ኪሎ በ110 ሲባዛ 5,390። የቀራት 90 ብር! ዝም ብላ ቁጥሩን አየችው። ስለዚ እቃ በገባ ቁጥር መጀመሪያ መንገድ ላይ ያወጣችሁትን ብር ሁሉ ጻፉ፣ የመሸጫ ዋጋ የሚወጣው ከዛ በኋላ ነው።

ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ይበቃል። አስምሩና ቀን፣ ምን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ በሉት። ጠዋት ለመልስ መሳቢያ ውስጥ የተዋችሁትን ዝርዝር ብር ጻፉ፣ ማታ ስትዘጉ ያለውን ቁጠሩ፣ ቀን ከመሳቢያው ያወጣችሁትን ደምሩበት፣ የጠዋቱን ቀንሱ፣ የቀረው የእለቱ የጥሬ ብር ሽያጭ ነው። ዱቤ የመለሰ ካለ እሱንም ቀንሱ፣ ያ የድሮ ሽያጭ ነው። በቴሌብር የገባው መሳቢያ ውስጥ ስለማይታይ ሜሴጁን እያያችሁ ለብቻው ደምሩት።

ዱቤ ከደብተሩ ጀርባ ይጀምር፣ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። ሰውየው እያየ ጻፉ፣ ግማሹን ሲከፍል አትሰርዙ፣ የከፈለውንና የቀረበትን ከነቀኑ ከስር ጻፉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላው እኮ አንዱ በቃሉ 300 ሲል ሌላው 200 ስለሚል ነው።

አክስቴ በጣም የተከራከረችኝ ለቤት በምትወስደው ላይ ነው፣ "የገዛ እቃዬን ልጽፍ?" አለች። አዎ፣ ዘይቱም ሳሙናውም "ለቤት" ተብሎ በገዛችሁበት ዋጋ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ሱቁ የከሰረ ይመስላችኋል፣ የበላው ግን ቤታችሁ ነው። መጻፍ ለሚያስቸግራችሁ ማታ ማታ 6ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ እሱ ይጻፍ፣ እናንተ እየቆጠራችሁ ንገሩት።

ጳጉሜ ላይ ሱቁን ቆጠራ አድርጉ፣ ያለው እቃ በተገዛበት ዋጋ፣ ከጥሬ ብሩና ቴሌብር ላይ ካለው ጋር፣ ይመለሳል የምትሉት ዱቤም ይደመር፣ ለጅምላ ሻጩ ያለባችሁ እዳ ይቀነስ። የመጣውን ቁጥር የደብተሩ ሽፋን ውስጥ ጻፉት፣ የከርሞውን ጳጉሜ የምታስተያዩት ከሱ ጋር ነው።