«ኢዝ» ወይስ «አር»? ብዛት በሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአማርኛ «ሦስት ሰው መጣ» ብንል ማንም አያርመንም። «ሦስት ሰዎች መጡ» ማለትም ትክክል ነው። ብዛቱን ቁጥሩ ስለነገረን ስሙም ግሱም ነጠላ ሆነው ቢቀሩ ችግር የለውም። እንግሊዝኛ ይህን ነፃነት አይሰጥም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች እንኳ ብዛት የሚገልጽ ቃል ሲመጣ ግሱ ላይ የምንደናገረው አንድም በዚህ ነው። ስለዚህ ተማሪ ሲሳሳት «ሰነፍ ነህ» ባይባል ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስቱት «ኤ ነምበር ኦፍ» እና «ዘ ነምበር ኦፍ» ናቸው። ልዩነታቸው መጀመሪያ ላይ ያለችው ቃል ብቻ ናት፤ ግሱን ግን ትቀይረዋለች። «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ አር አብሰንት» ስንል በርካታ ተማሪዎች ቀርተዋል ማለታችን ነው። ወሬው ስለ ተማሪዎቹ ስለሆነ ግሱ ብዙ ቁጥር ይሆናል። «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢዝ ስሞል» ስንል ግን የተማሪዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው እያልን ነው። እዚህ ባለቤቱ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ አንድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከግሱ አጠገብ «ስቱደንትስ» የሚለውን ስላየ ነው። ከግሱ ጎን የተቀመጠ ቃል ሁሉ ባለቤት አይደለም። ግራ ከገባችሁ በአማርኛ አስቡት፦ «የ… ቁጥር» የሚል ከመጣ ነጠላ፣ «በርካታ» የሚል ከመጣ ብዙ ቁጥር። ፈተና ላይ ጊዜ ሲያጥር ይህ ዘዴ በጣም ይጠቅማል።

«ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ» ብሎ መጻፍም የተለመደ ነው። እዚህ ሁለት ነገር መጠበቅ አለበት። ስሙ «ፍሬንድስ» ይሆናል፣ ምክንያቱም ከብዙ ጓደኞች መካከል ነው የምንመርጠው። ግሱ ግን አንዱን ይከተላል፦ «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድስ ኢዝ ሲክ»። «ከጓደኞቼ አንዱ ታሟል» የምንለውም እንዲሁ ነው።

«ሃፍ»፣ «ሞስት»፣ «ኦል»፣ «ኤ ሎት ኦፍ» እና ፐርሰንት ሲመጡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የሚታየው ከ«ኦፍ» በኋላ ያለው ስም ነው። «ሃፍ ኦፍ ዘ ዋተር ኢዝ ክሊን» እንላለን፣ ውሃ አይቆጠርምና። «ሃፍ ኦፍ ዘ ቦትልስ አር ኤምፕቲ» እንላለን፣ ጠርሙስ ይቆጠራልና። ፐርሰንት ላይ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ «አር» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ 90 ቢሆንም «ናይንቲ ፐርሰንት ኦፍ ዘ ላንድ ኢዝ ድራይ» ነው የሚባለው።

ገንዘብ፣ ጊዜና ርቀት እንደ አንድ ድምር ከታዩ ግሱ ነጠላ ነው፦ «ቴን ታውዘንድ ብር ኢዝ ኢናፍ»። ጊዜ ላይ ግን አንድ ደስ የሚል ልዩነት አለ። አምስት ዓመት ረጅም ነው ለማለት «ፋይቭ ይርስ ኢዝ ኤ ሎንግ ታይም» ይባላል። አምስት ዓመታት አለፉ ለማለት ሲሆን ግን «ፋይቭ ይርስ ሃቭ ፓስድ»። በመጀመሪያው ዓመታቱ አንድ ላይ ተጠቅልለዋል፤ በሁለተኛው አንድ በአንድ እየተቆጠሩ አልፈዋል።

«ኢች» እና «ኤቭሪ» ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም፤ ግሳቸው ነጠላ ነው። «ኤቭሪ ስቱደንትስ» ከሚለው ስህተትም ተጠንቀቁ፤ ትክክሉ «ኤቭሪ ስቱደንት ሃዝ» ነው። «ሞር ዛን ዋን ስቱደንት» የሚለውም፣ ትርጉሙ ከአንድ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ነጠላ ግስ ይወስዳል። እዚህ ላይ ቅሬታችሁ ይገባኛል፤ ግን እንደዚያ ነው የሚባለው። «ነን ኦፍ ዘ ስቱደንትስ» ላይ ደግሞ ነጠላውም ብዙ ቁጥሩም ተቀባይነት አለው። ብዙ ቁጥር የተጠቀመውን ተማሪ ኤክስ ማድረግ ልክ አይመስለኝም።

የመጨረሻው በቀጥታ ከአማርኛችን የሚመጣ ነው። እኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ የቤት ዕቃዎች እንላለን። በእንግሊዝኛ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ» እና «ፈርኒቸር» አይቆጠሩም። ስለዚህ «ሜኒ ኢንፎርሜሽንስ አር» ሳይሆን «ኤ ሎት ኦፍ ኢንፎርሜሽን ኢዝ» ነው። የግድ መቁጠር ካስፈለገ «ፒስ» የሚለው ቃል ይገባል፤ የሚበዛውም እሱ ነው፦ «ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ»። ግሱም «ፒስስ» የሚለውን ተከትሎ «አር» ይሆናል።