ጎድጓዳ ዓይን ጎልቶ እንዲታይ ሜካፕ እንዴት እንደሚሠራ፦ በደሴ ብርሃንና በኮምቦልቻ ሙቀት

በቪዲዮም ሆነ በየፀጉር ቤቱ በብዛት የሚታየው የዓይን ሜካፕ የተለመደ ቅደም ተከተል አለው። ከዓይን ቆብ በላይ ያለው እጥፋት በጥቁር ቡናማ አይሻዶ ይጠቁራል፣ ከቅንድብ ሥር የሚያብረቀርቅ ነጭ ይቀባል፣ በመጨረሻም ወፈር ያለ ጥቁር አይላይነር ይሰመራል። ይህ አሠራር ዓይኗ ወደ ፊት ወጣ ላለ ወይም ቆቧ ጠፍጣፋ ለሆነ ሴት ያምራል። ዓይኗ ጎድጎድ ያለ ሴት በዚሁ መንገድ ስትኳል ግን ዓይኗ ይብሱን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሌሊቱን ያልተኛችም ትመስላለች። ጥቁር ቀለም ያረፈበትን ቦታ ወደ ኋላ ያሸሸዋል፣ ብሩህ ቀለም ደግሞ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ በጎድጓዳ ዓይን ላይ የቅንድብ አጥንት ጥላውን አስቀድሞ ጥሎበታል። ስለዚህ ሥራው ሌላ ጥላ መጨመር ሳይሆን አጥንቱ የከለለውን ብርሃን መመለስ ነው፤ ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ሁሉ የሚነሣውም ከዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ዓይንዎ በእርግጥ ጎድጓዳ መሆኑን ይለዩ። መስታወት ከዓይንዎ ትይዩ አቁመው፣ ቅንድብዎን ሳያነሡ ፊት ለፊት ይመልከቱ፤ ከዚያም በስልክዎ ከጎን በኩል ፎቶ ይነሡ። የቅንድብ አጥንትዎ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ዓይንዎ ከሥሩ ገባ ያለ ከሆነ ጎድጓዳ ነው። አንድ እርሳስ ቀጥ አድርገው በቅንድብና በጉንጭ አጥንትዎ ላይ ቢያስደግፉት፣ በእርሳሱና በተከደነው ዓይንዎ መካከል በግልጽ የሚታይ ክፍተት ይቀራል። ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው፣ የላይኛው ቆዳ ወደ ታች ወርዶ ቆቡን የሚሸፍነው ዓይን ነው። የሁለቱ አሠራር በከፊል ቢመሳሰልም፣ በጎድጓዳ ዓይን ላይ ቆቡ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የሚቀባበት በቂ ቦታ አለው። ጎድጓዳ ዓይን መታረም ያለበት ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ሌሎች በቀለም ብዛት ሊፈጥሩት የሚደክሙበት ጥልቀት ያለ ምንም ቅባት ስላለው፣ ሥራው የሚጠይቀው ቀለም ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የሚቀመጡበትን ቦታ ይምረጡ፤ በእኔ ግምት ከየትኛውም ውድ ብሩሽ ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። በአብዛኛው ቤት አምፖሉ ያለው በጣሪያው መሃል ነው፤ ከላይ ብቻ የሚወርድ ብርሃን ደግሞ የቅንድብ አጥንትን ጥላ በቀጥታ ዓይን ላይ ይጥላል። እንዲህ ባለ ብርሃን ሥር የምትኳል ሴት ጥላውን ለማጥፋት ስትል ነጩን ታበዛና ደጅ ስትወጣ ዱቄት የነካት ትመስላለች። በቀን ከሆነ ፊትዎን ወደ መስኮት አዙረው ይቀመጡ፤ መስኮቱ ከጎን ከሆነ አንዱ ዓይን ከሌላው የተለየ ቀለም ይዞ ይወጣል። ማታ ከሆነ ወይም መብራት ከጠፋ፣ የመብራቱ ምንጭ በፊትዎ ትይዩ ይሁን። ደሴ ላይ በክረምት ጉም የጦሳን ተራራ ሲሸፍነው የሚኖረው ለስላሳ ብርሃን ለእጅ ሥራው ምቹ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥላ ስለማይጥል ዓይንዎ ከሚገባው በላይ ብሩህ መስሎ ይታይዎታልና፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንደገና መመልከት ይበጃል።

ፎቶ የሚነሡ ከሆነ ሰዓቱንም ያስቡ። ደሴና ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኙ፣ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ በሚበዛበት በሚያዝያ ወር ፀሐይ ቀን 6 ሰዓት አካባቢ በአናት ላይ ትቆማለች ማለት ይቻላል። በዚህ ሰዓት ደጅ የተነሣ ፎቶ ላይ የጎድጓዳ ዓይን ባለቤት ዓይኗ በጥላ ይዋጣል፤ የትኛውም ሜካፕ ይህን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። በጥር ሰርግ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ ጋደል ስለምትል ሁኔታው የተሻለ ነው። ለሚያዝያ ሙሽራ የምመክረው፣ ፎቶውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ እንድታደርገው፣ ካልሆነም ፎቶ አንሺው በዛፍ ጥላ ሥር እንዲያቆማት ነው።

አሁን ወደ ቅባቱ እንሂድ። ፊትዎን ታጥበውና ቅባት ተቀብተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። በዓይን ሥር ያለው ጥቁረት በጎድጓዳ ዓይን ላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ በቀጥታ ከቆዳ የነጣ ኮንሲለር (ጥቁረትን የሚሸፍን ቅባት) ቢቀቡበት አመድማ ይሆናል። ቀይ ለሆነች ሴት የኮክ ፍሬ ዓይነት ቀለም ያለው፣ ለጠይምና ለጥቁር ደግሞ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ማስተካከያ በጣም ስስ አድርገው ይንኩና፣ ከላዩ በቆዳዎ ቀለም ኮንሲለር ይሸፍኑት። ጥቁረቱ በብዛት የሚጠራቀመው በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ማዕዘን ሥር ነውና እዚያ ላይ ይበርቱ፤ ወደ ጉንጭ ማውረድ አያስፈልግም። የዓይን ቆቡንም በፕራይመር (ቀለሙ እንዳይለቅ ከሥር በሚቀባ ቅባት) ወይም በስስ ኮንሲለር ቀብተው በትንሽ ፓውደር ያድርቁት። ደሴ ላይ ብርዱ ቆዳን ስለሚያደርቅ ፓውደሩን ማሳነስ ይሻላል። ከደሴ ተነሥታ በሐረጎ በኩል ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የምትሄድ ሙሽራ ግን አየሩ እየሞቀ ሲመጣ ቆቧ ስለሚያልባት፣ ለእሷ ፕራይመሩም ፓውደሩም የግድ ናቸው።

አይሻዶውን በሦስት ደረጃ ይሥሩት። በመጀመሪያ የማያብረቀርቅና ከቆዳዎ ቀለም አንድ ደረጃ ብቻ ጠቆር የሚል ቡናማ ይምረጡ። ዓይንዎን ገልጠው ፊት ለፊት እያዩ፣ ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ቀለሙን ከተፈጥሮ እጥፋቱ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በወጣው አጥንት የታችኛው ክፍል ላይ ያሳርፉት። ዓይንዎን ከድነው ከሠሩት ግን ቀለሙ ሳይታወቅዎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ብሩሹን ከውጨኛው ማዕዘን ጀምረው እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ በማመላለስ የቀለሙ ዳር እስኪጠፋ ያዋሕዱት፤ ወደ አፍንጫ በኩል ካለው ሲሶ ግን አያስገቡት። በዚህ መንገድ ጥላ የነበረበት ቦታ ሳይጠቁር፣ የወጣው አጥንት ብቻ በመጠኑ ወደ ኋላ ይላል።

ሁለተኛው ደረጃ ዋናው ነው። ብሩህና ለስለስ ያለ አንጸባራቂነት ያለው ቀለም በቆቡ ሙሉ ላይ ይቀባል። ለቀይ ሴት ሻምፓኝ (ነጣ ያለ ቢጫማ)፣ ለጠይም ፈዘዝ ያለ ወርቃማ፣ ለጥቁር መዳብማ ወይም ደማቅ ወርቃማ ይስማማል። ንጹሕ ነጭ ለማናቸውም አልመክርም፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ይገረጣል። ቀለሙን በብሩሽ ሳይሆን በቀለበት ጣት ጫፍ፣ ከቆቡ መሃል ጀምረው መታ መታ እያደረጉ ቢያሳርፉት፣ የጣት ሙቀት ቅባቱን ከቆዳው ጋር ያዋሕደዋል፤ ፍርፋሪውም ጉንጭ ላይ አይረግፍም። ይህንኑ ቀለም በትንሹ በውስጠኛው ማዕዘን ላይ ይንኩ። ከቅንድብ ሥር ግን የሚያብረቀርቅ ነገር አይቀቡ፤ ወደ ፊት የወጣውን አጥንት ይብሱን ያወጣዋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከፈለጉ ብቻ፣ በውጨኛው ማዕዘን ላይ ጥቂት ጠቆር ያለ ቡናማ ነክተው ወደ ላይና ወደ ውጭ ይሳቡት።

የሚለብሱትን ሻርፕ አድርገው ማየትዎን አይርሱ። ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ሂጃብ ብርሃንን ወደ ፊትዎ ስለሚመልስ በዓይን ሥር ያለው ጥላ በጣም ይቀላል፤ ጥቁር ሻርፕ ሲሆን ግን ያው ሜካፕ የደበዘዘ ይመስላልና በቆቡ ላይ አንድ ዙር ይጨምሩ።

አይላይነር በጎድጓዳ ዓይን ላይ ስስ መሆን አለበት። ወፍራም መስመር ለብርሃን የተተወውን ቆብ ይበላዋል። ከዓይን መሃል ጀምረው፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ሳይርቁ፣ ወደ ውጭ እየወፈረ የሚሄድ መስመር ያስምሩ፤ ጫፉን ወደ ላይ የሚያነሡ ከሆነ ዓይንዎን ገልጠው ያስምሩት፤ አለበለዚያ ጫፉ በአጥንቱ ላይ ተሰብሮ ይታያል። ከጥቁር ይልቅ ጥቁር ቡናማ ይለሰልሳል። በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጥቁር መኳል ዓይንን ያጠብባል፤ በምትኩ ከቆዳ ጥቂት የነጣ እርሳስ ቢጠቀሙ ዓይን ይከፈታል።

እዚህ ላይ ስለ ኩል ማለት ያለብኝ አለ። ወሎ ውስጥ ኩል የእናትና የአያት ነው፤ ትቀር ብል የሚሰማኝም የለም፤ ውበቷንም አልክድም። ነገር ግን ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ኩል በብዙ አገሮች ሲመረመር እርሳስ (ሌድ) የተባለው ማዕድን ተገኝቶበታል፤ ይህ ማዕድን ደግሞ በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ በተለይ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን የሚጎዳ መርዝ ነው። ይዘቱ በማይታወቅ ኩል ሕፃን መኳል መቅረት አለበት፤ ለራስዎም ቢሆን ይዘቱ የተጻፈበትን የኩል መሳያ (ፔንስል) መጠቀም ይሻላል። አንዱን ኩል መኳያ ለእህትማማች ሁሉ ማዞርም እንዲሁ መቅረት ያለበት ነው፤ በአማራ ክልል አሁንም ብዙ ሰው የሚያጠቃው ትራኮማ በዓይን ፈሳሽ፣ በእጅና በጋራ ጨርቅ ይተላለፋል። የማስካራም ነገር ያው ነው፤ ከተከፈተ 3 ወር ካለፈው ይጣል።

ማስካራ በጎድጓዳ ዓይን ላይ የተለየ ጣጣ አለው። ሽፋሽፍቱ ወደ ላይ ሲነሣ ከቅንድብ አጥንት ጋር ስለሚነካካ፣ ጥቂት ቆይቶ ጥቁር ነጠብጣብ በላይኛው ቆዳ ላይ ይቀራል። ይህን ለመከላከል በቅድሚያ ሽፋሽፍቱን ማስካራ ሳይነካው በማጠፊያው ከሥሩ ይጫኑት፤ የማስካራውን ብሩሽ በሶፍት ጠርገው ከሥር ወደ ጫፍ ሁለት ስስ ዙር ይቀቡ፤ እስኪደርቅ ድረስም ወደ ታች እያዩ ይቆዩ። ነጠብጣብ ከታየ እርጥብ ሳለ አይንኩት፤ ሲደርቅ በደረቅ የጆሮ ጥጥ ቢያሹት ተፈርፍሮ ይወድቃል። ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት የሚለጥፉ ከሆነ ረጅሙን ትተው አጭሩን፣ ከተቻለም በውጨኛው ግማሽ ላይ ብቻ የሚለጠፈውን ይምረጡ፤ ሙጫውን ከአንድ ቀን በፊት በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሞክሩ።

ቅንድብን በተመለከተ፣ ከሥሩ የበቀሉትን ጥቂት ፀጉሮች ብቻ ይልቀሙ፤ በጥቁር እርሳስ ማወፈር ጥላውን ያከብደዋል።

ቀኑን ሙሉ ሶላት የሚሰግዱ ከሆነ ውሃ የማያስለቅቀውን ማስካራ ይተዉ። ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት) ውሃው ቆዳና ፀጉር ላይ መድረስ ስላለበት፣ በለብ ያለ ውሃ የሚለቀው ዓይነት ይቀላል፤ አይሻዶውም በትንሽ ጊዜ ሊታደስ እንዲችል ሁለተኛውን ደረጃ ብቻ መሥራት ይበቃል። ውሃ የማይለቀውን የተቀቡ እንደሆነ ማታ ጥጥ በቤቢ ኦይል ነክረው በተከደነው ዓይን ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያቆዩትና፣ ሳይፈትጉ ወደ ታች ይጥረጉ፤ ቀለም በጎድጓዳው የውስጥ ማዕዘን ስለሚደበቅ፣ እዚያ ያለውን በጥጥ ጫፍ ለይተው አንሥተው በሳሙና ይታጠቡ።