ቤታችሁ የገባች ኤሊ፦ ዝርያዋን መለየትና በአዲስ አበባ ብርድ ማቆየት

ጎረቤት ከአዋሽ መንገድ ላይ አንስቶ ያመጣት ወይም ተከራይ ግቢ ውስጥ ትቷት የሄደ ኤሊ እጃችሁ ስትገባ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ትበላለች?» የሚል ነው። እሱ ሁለት ቀን ይቆይ። ጤነኛ አዋቂ ኤሊ ሳትበላ ሳምንታት ትሰነብታለች፤ ብርድና እርጥበት ሲደራረቡባት ግን ቶሎ ትታመማለች። መሀል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ እነዚህ ኤሊዎች ደግሞ በአብዛኛው የስምጥ ሸለቆና የቆላ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ማንነቷን እወቁ፣ አሙቋት፣ ውሃ ስጧት፣ ምግቡ ከዚያ ይመጣል።

ማን ናት?

ወለል ላይ አስቀምጧትና ከጎን እዩዋት። ጀርባዋ እንደ ጉልላት ከፍ ያለ፣ ቢጫማ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና ሰረዝ ያለበት ከሆነ ነብርማ ኤሊ ናት። ስታረጅ ነጠብጣቡ ስለሚደበዝዝ በቀለም ብቻ አትፍረዱ። ሱልካታ የምትባለው ደግሞ ዝቅ ያለ ጀርባ አላት፤ መላ ቅርፊቷ አንድ ዓይነት የአሸዋ ቀለም ነው፣ ጠርዙ ከፊትም ከኋላም እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ የፊት እግሯ በትልልቅ ተደራራቢ ቅርፊቶች ተሸፍኗል። ታፋዋ ላይ ጎልተው የወጡ ሾጣጣ እሾሆች አሏት፤ ከአንገቷ በታች ያለው የሆድ ቅርፊት ጫፍ ደግሞ ሹካ መስሎ ወደ ፊት ይወጣል። ልዩነቱ የስም ጉዳይ አይደለም። ነብርማዋ በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ስትደርስ (በእኛ አካባቢ ከዚህም የሚበልጡ አሉ) ሱልካታ ከ80 ሴንቲ ሜትር ልታልፍና 100 ኪሎ ልትጠጋ ትችላለች፤ ብዙ ሜትር የሚዘልቅ ጉድጓድም ትቆፍራለች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሱልካታ ማሳደግ አይታሰብም።

ከጀርባዋ የኋላ ሲሶ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚታጠፍ መስመር ካያችሁ፣ ባለ ማጠፊያ ጀርባ ኤሊ ናት፤ ሕፃን ከሆነች ግን መስመሩ ገና አይታይም። ማጠፊያው ሆዷ ላይ ሆኖ ራሷን ሙሉ በሙሉ የምትዘጋ ከሆነች የአሜሪካዋ ቦክስ ተርትል ናት፤ ያኔ አንድ ሰው ከውጭ አምጥቷታል ማለት ነው። ሁለቱም ከቅጠል ሌላ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ እንጉዳይና ጥቂት ፍራፍሬ ይበላሉ።

የውሃ ኤሊዋ ጠፍጣፋና ጠቆር ያለች ናት፤ በጣቶቿ መካከል ቆዳ አለ፣ አገጯ ሥር ሁለት ትንንሽ ጢሞች ይታያሉ፣ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጎን አጥፋ ትደብቃለች። ስትነኳትም ትገማለች። እሷ ሥጋ በል ስለሆነች መዋኛ ውሃ፣ መውጫ ድንጋይ፣ ትልና ከነአጥንቱ ትንሽ ዓሣ ያስፈልጋታል። ሁለቱን ማምታታት ይገድላል፦ የውሃዋ ድርቆሽ ላይ ትራባለች፣ የየብሷ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ትሰምጣለች። ከዚህ በታች ያለው ለነብርማዋና ለሱልካታ ነው።

ቅርፊቱ ላይ ያለውን ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜ መናገር የተለመደ ነው፤ አይሠራም። ቀለበቱ የሚከተለው ምግብ የበዛበትንና ያነሰበትን ወቅት ስለሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ በላይ ሊወጣ ይችላል። ፆታ ግን አዋቂ ከሆነች ይለያል፦ የወንዱ ሆድ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ጭራውም ረዘም ያለ ነው። ለማየት ስትገለብጧት በጎን በኩል በቀስታ አዙሯት፤ በጀርባዋ አታቆዩዋት፤ ሳንባዋ ከጀርባው ቅርፊት ሥር ስለሆነ የሆድ ዕቃዋ ይጫነዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

በኩሽና ሚዛን መዝኗትና ጻፉት፤ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ድገሙ። ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚሄድ ክብደት ከምልክቶች ሁሉ ቀድሞ ይታያል። ዓይኗ ክፍት፣ አፍንጫዋ ደረቅ መሆን አለበት። የአዋቂ ቅርፊት በአውራ ጣት ሲጫኑት አይረግብም። ታፋዋና አንገቷ እጥፋት ውስጥ መዥገር ፈልጉ፤ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ሳቡት። ላምባ አትቀቡ፣ ቆዳዋ ይመጠዋል። አንዳንዱ የኤሊ መዥገር ለከብት በሽታ ስለሚያስተላልፍ የወጣውን አልኮል ውስጥ ክተቱት። ገመድ ለማሰር ጠርዙ ተበስቶ ከሆነ ገመዱን ቆርጣችሁ አውጡ፤ ቁስሉን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ በቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን (ቡናማው የቁስል ማጠቢያ) እጠቡ።

ከዚያ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ (28–30 ዲግሪ) አድርጉ፤ ከፍታው የጀርባና የሆድ ቅርፊቷ የሚገናኙበት ድረስ ብቻ ይሁን። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ንከሯት፣ አድርቃችሁ ወደ ሙቀቱ መልሷት። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ ትንሿን በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ትልቋን አንዴ። ውሃው ውስጥ ነጭ ለስላሳ ነገር ብትለቅ ጤና ነው፤ እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ከሆነ ውሃ ጠምቷት ከርሟል። በድንገት ብድግ ስትደረግ ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ውሃ ስለምትለቅ ደጋግማችሁ አታንሷት።

ሙቀት

በብርድ የተመታች ኤሊ አትፈጭም። የበላችው ሆዷ ውስጥ ይቦካል፣ ነፍቷት ትሞታለች፤ «እየበላች ነበር፣ ድንገት ሞተች» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ክረምት ሲገባ ጥግ ይዛ ዝም ስትል «ተኝታለች» የሚል ሰው አይጠፋም። ነብርማዋም ሱልካታም የክረምት እንቅልፍ የላቸውም፤ ዝም ያለችው በርዷት ነው።

ለ25 ሴንቲ ሜትር ኤሊ ቢያንስ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ሥሩላት። ግድግዳው የማያሳይ ይሁን፤ በመስታወት ወይም በወንፊት ሽቦ በኩል የምታየውን ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ስትታገል አፍንጫዋን ትልጣለች። በአንዱ ጫፍ ከ75 እስከ 100 ዋት የሚያሞቅ አምፖል ከጀርባዋ 30–40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ኤልኢዲ አያሞቅም። ለጫጩት ማሞቂያ የሚሸጠው ቀይ አምፖል ይሠራል፣ ግን ብዙ ጊዜ 250 ዋት ስለሆነ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ቴርሞሜትሩን ጀርባዋ በሚደርስበት ከፍታ አድርጋችሁ ለኩ፦ ከአምፖሉ ሥር 32–35፣ በሌላው ጫፍ 22–24፣ ሌሊት ከ18 በታች አይውረድ። ለትልቅ ኤሊ አንድ አምፖል የጀርባዋን ጫፍ እያቃጠለ እግሮቿን በብርድ ይተዋል፤ ሁለት አምፖል ጎን ለጎን ይሻላል።

ለንጣፍ ጋዜጣ ወይም ድርቆሽ ይበቃል። የእንጨት ቤት ሰጋቱራ አትጠቀሙ፤ በተለይ የጽድ ሰጋቱራ ሽታው ሳንባዋን ያቆስላል፣ ደቃቁም ዓይኗ ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ትኩስ (ያልፈላ) ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከሳጥኗ ግራና ቀኝ አስቀምጡ፤ ላዩን አየር ትታችሁ በጋቢ ሸፍኑ፣ በየ3 ሰዓቱ ቀይሩ። ከሰል ክፍል ውስጥ አታግቡ፤ ጭሱ ለእናንተም አይበጅም።

ፀሐይ ለቅርፊትና ለአጥንት ግድ ናት፤ የመስኮት መስታወት ግን የሚጠቅመውን ጨረር ያስቀራል። በጋ ላይ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ግማሹ ጥላ በሆነ ቦታ አውጧት። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የካዛንቺስም ሆነ የልደታ ፎቅ ነዋሪ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ካለው ዕድለኛ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ ሳፋ ወይም የመስታወት ገንዳ ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉዋት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትቃጠላለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በሚጥልበትና መሬቱ በረጠበበት ቀን አትውጣ። ያኔ ይህንኑ የፀሐይ ጨረር የሚሰጥ፣ ለተሳቢ እንስሳት የተሠራ መብራት (ዩቪቢ ትዩብ) ያስፈልጋል፤ በየ12 ወሩ ይቀየራል። የጥፍር ማድረቂያ ሰማያዊ መብራት አይተካውም።

ምግብ

መሠረቱ ሣር ነው፦ ሰርዶ፣ ሙጃ፣ ድርቆሽ። በየቀኑ የራሷን ቅርፊት ያህል ክምር ስጧት። የበለስ ቅጠል እሾሁ ተልጦ ግሩም ምግብ ነው፤ ከቁልቋል ጋር ግን አታምታቱ። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፣ ወተቱም አፍና ዓይን ያቃጥላል። እንዶድ፣ ጉሎ፣ አስተናግር፣ የወፍ ቆሎና አቮካዶም ከአጠገቧ ይራቁ። ከግቢ የተቀጠፈ ጽጌረዳ ይበላል፤ ከአበባ ሻጭ የተገዛው ግን የተረጨ ነው። የአስፋልት ዳር ሣርም፣ የት እንደበቀለ የማይታወቅ የቡና ጉዝጓዝ ቄጠማም አይሆንም።

ጎመን በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ቆስጣ ካልሲየሙን ስለሚያስርባት አልፎ አልፎ ብቻ። ሰላጣ ውሃ ነው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ቲማቲም ሆዷን ያቦካሉ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተትና የውሻ ምግብ ጭራሽ አይሰጡም፤ ብትወዳቸውም። ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት 10 ደቂቃ ቀቅሉ፣ አድርቁ፣ እስኪልም ውቀጡ፤ በሳምንት 3 ጊዜ በሁለት ጣት የሚቆነጠር ያህል ሣሩ ላይ ነስንሱ።

ስትታመም

ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ አፏን ከፍታ አንገቷን ዘርግታ ከተነፈሰች ሳንባዋ ተነክቷል፤ ሙቀቱን ሌሊትም ከ25 ሳታወርዱ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት። ያበጠ ዓይንና የሚረግብ ቅርፊትም ቀጠሮ አይሰጡም። የቤት ውሻና ድመት የሚያክሙ ሁሉ ኤሊ አያውቁም፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አንዱ አማራጭ ነው።

አንድ ነገር ሐኪሙ ፊትም ቢሆን በግልጽ ተናገሩ፦ አይቨርሜክቲን አይሰጣት። ሐኪሞች ለከብትና ለውሻ አዘውትረው የሚወጉት የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ስለሆነ እጅ ይለምደዋል፤ ኤሊን ግን ሽባ አድርጎ ይገድላል። የሆድ ትል ካለባት ዓይነ ምድሯ ተመርምሮ፣ ክብደቷ ተሰልቶ የሚሰጠው ፌንቤንዳዞል ነው።

ኤሊ ጤነኛ ሆናም ሳልሞኔላ ትይዛለች። ከነካችኋት በኋላ በሳሙና ታጠቡ፣ ሳፋዋን የዕቃ ማጠቢያ ላይ አታጥቡ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይንኳት።

ሕጉና ቀጣዩ

በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም፤ «አድኛት ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን አሳውቁ፤ የት እንደተገኘች፣ መቼና በማን እንደመጣች ከፎቶ ጋር ጽፋችሁ ያዙ። በሆለታ አቅጣጫ ያለው የቦርን ፍሪ ማዕከል እንሰሳኮቴ የተያዙ የዱር እንስሳትን ይንከባከባል። እንጦጦ ጫካ ወስዶ መልቀቅ ግን ማዳን አይደለም፤ ሌሊቱ ይገድላታል፣ በሽታ ካለባትም ታሰራጫለች።

ስትወስዷት መዞር የምትችልበት ያህል ብቻ ሰፊ ካርቶን ጎኑን ብሱ፣ ድርቆሽ አንጥፉበት፣ አንድ የሞቀ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥጉ ላይ አስሩ። ካርቶኑ ሚኒባሱ ወለል ላይ፣ ከሞተሩ ክዳን ርቆ ይቀመጥ።